አባይ ዳር የወደቀችው ጀልባና የተዋስኩት ዘንግ

ሰላም ወዳጆች። እዚህ መድረክ ላይ ስለ አንዲት የወደቀች ጀልባ ፎቶ የተከፈተው ክር (ጥያቄው ከነመልሶቹ) በአራት ቀን 34 መልስ ደርሶ፣ መሀሉ ላይ ስለ ዓሣ ጉላሽ ሆኖ ቀረ። አዲስ የገባ ሰው ከላይ እስከ ታች አንብቦ አይዘልቀውም። የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ማን ምን እንዳለ በራሴ አፍ ልንገራችሁ። የወረዱብኝንም አልዘልም።

መነሻው እንዲህ ነበር። ባሕር ዳር፣ አባይ ከጣና ወጥቶ ትንሽ እንደሄደ፣ በጎጃም በኩል ባለው ዳርቻ አንዲት የእንጨት ጀልባ ወድቃለች። ርዝመቷ በእኔ እርምጃ 11 ነው። አንድ ጎኗ ሣር ውስጥ ነው፣ አንዱ ወደ ውሃው ጭቃ ዘንበል ብሏል። ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ የነበረ ይመስላል። ሦስት ቀን ተመላልሼ አነሳኋት፤ ፎቶው ግን ዓይኔ ያየውን አልሰጠኝም። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠየቅኩ። አንደኛ፣ በስንት ሰዓትና በምን ሌንስ ላንሳት? ሁለተኛ፣ ሰው ሁሉ ጣሊያን የሠራት ናት ይላል፤ እርግጡን የሚያውቅ አለ? ከዚያ የተሻለች ያልኳትን አንድ ፎቶ አያይዤ ለቀቅኩ። ፎቶዋ ላይ ከጀልባዋ ውስጥ አንድ ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ወደ ሰማይ አዘንብሎ ይታያል። ዘንጓን ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

መላሾቹን በመልሳቸው ቁጥር ልጥራቸው። ቁጥር 1 ጨዋ ሰው ነው። አመስግኖ ጀመረና ትክክለኛ ቦታውን ጠየቀ። ቁጥር 2ም ያንኑ። ለሁለቱም በውስጥ መስመር ነገርኳቸው። ቁጥር 3 ቀጥታ ወደ ሥራው ገባ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ እንድደርስ መከረኝ። ጣና ጠዋት ጠዋት ነፋስ የለውም፤ ከሰዓት ነው የሚነሳው። ስለዚህ ውሃው ጠዋት መስታወት ይሆናል ነው ሐሳቡ። ቁጥር 4 እና 5 አጸደቁለት። እኔም ልቤ ሞላ፣ ምክንያቱም ሦስቱንም ቀን የሄድኩት ንጋት ላይ ነበር። ቁጥር 6 ጀልባዋ ከወንዙ ማዶ ከሆነች የጎጃም ሳትሆን የበጌምድር ናት ብሎ ቀለደ። ከዚህ ማዶ እንደሆነች አስረዳሁት። አስረዳሁት ስል፣ እሱ ቀልዶ እኔ ነኝ ከልቤ የተከራከርኩት።

ቁጥር 7 የንጋቱን ነገር አፈረሰው። ካርታ አውጥቼ እንዳይ ነገረኝ። አባይ ከሐይቁ ሲወጣ ጎጃም በስተ ምዕራብ ይቀራል። ከጎጃም ዳር ቆሞ ወንዙን የሚያይ ሰው ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው። ንጋት ላይ ፀሐይዋ ዓይኑ ውስጥ ነው የምትወጣው። ጀልባዋም ጥቁር ጥላ ሆና ትቀራለች። ጥላ ለሚፈልግ ሰው ይሄ ሸጋ ነው። የእንጨቱን ደም ሥር፣ ስንጥቁንና የተላጠውን ቀለም የሚፈልግ ግን አመሻሽ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መሄድ አለበት። ያን ጊዜ ፀሐይዋ ከጀርባ ዝቅ ብላ ትመጣለች። በዚያ ላይ ትንሽ ወደ ጎን ዞር ብዬ እንድቆም አሳሰበኝ፤ ከጀርባ ቀጥ ብሎ የመጣ ብርሃን እንጨቱን ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ፎቶዬን ከፍቼ ብርሃኑን እንደገና አየሁ። ሰውየው ልክ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ እያነሳሁ ነበር።

የሌንሱን ነገር ቶሎ ልለፈው። ቁጥር 8 ሰፊ ሌንስ ይዤ አጠገቧ እንዳልጠጋ ነገረኝ፤ አፍንጫዋን አሳብጦ የ11 እርምጃዋን ጀልባ መርከብ ያስመስላታል። 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ይዤ ወደ ኋላ እንድል፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ) ኤፍ 8 ላይ አድርጌ ትራይፖዱን (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን) ወደ መሬት እንዳወርደው፣ እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ነጸብራቁን ሌንሱ ላይ በሚገጠም ማጣሪያ፣ በፖላራይዘር፣ እንድቆርጠው። ቁጥር 9 በስልክ ብቻ የሚያነሳ ሰው ነው፤ ነገሩ ሁሉ ለሀብታም እንደሆነ አድርጎ ወሰደውና ትንሽ ተቆጣ። አልተሰደዳደቡም። ግን አልተስማሙም።

የክሩ አየር የተቀየረው ቁጥር 10 ላይ ነው። ይሄ ሰው ሰላምታም አላባከነም። ቁጥር 7ን ባሕር ዳር ኖሮ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሣር ውስጥ ጎንበስ ብለህ ፎቶ አንሳ ብሎ ሰው የሚመክር፣ ጉማሬ የት እንደሚያመሽ ያላወቀ ነው ባይ ነው። ጉማሬ ቀኑን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል። በእሱና በውሃው መሀል የቆመ ሰው ላይ ደግሞ አይጫወትም። ከዚያ ፎቶዬን አጉልቶ የግራውን ጥግ በቀይ ከቦ መለሰልኝ። የተኛ ሣር አለ። መሀሉ ከፍ ያለ፣ ግራና ቀኙ ሁለት ቦይ የሆነ መንገድ ነው። እኔ ጀልባዋ ስትጎተት የተሠራ መስሎኝ፣ እንዲያውም ታሪክ ይነግራል ብዬ ሆን ብዬ ፍሬሙ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ለካ የጉማሬው የማታ መንገድ ነው። ሁለቱ ቦይ የግራና የቀኝ እግሩ ነው። ትራይፖዴን የተከልኩት እዚያው ላይ ነበር።

ቁጥር 11 ስለዚሁ ጉማሬ አንድ ረጅም ወሬ አመጣ፤ ዘለልኩት። ቁጥር 7 ቁጥር 12 ላይ ተመልሶ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። ሰው ይዤ እንድሄድ፣ 12 ሰዓት ሳይሞላ እንድወጣም አከለበት። እንዲህ ዓይነት ሰው በዚህ መድረክ ብርቅ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ። ቁጥር 13 አያቱ እንደነገሩት ጀልባዋ የጣሊያን እንደሆነች አረጋገጠ። ቁጥር 14 ደግሞ የለም፣ እንግሊዞች አባይን ሊወርዱ ሲመጡ ጥለዋት የሄዱ ናት አለ። ይሄን ቁጥር 15 አላሳለፈውም። እ.ኤ.አ. በ1968 በብላሽፎርድ ስኔል መሪነት የመጣው የእንግሊዝ ጦር ቡድን በላይኛው አባይ ላይ የተጠቀመው በአየር የሚነፋ የጎማ ጀልባ ነው። ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ1903 አሜሪካዊው ማክሚላን ያመጣቸው ጀልባዎች ብረት ነበሩ፤ እነሱም በረሃው ውስጥ ገና ጉዞ እንደጀመሩ ተሰባበሩ። ከሁለቱም የእንጨት ጀልባ አይወጣም። ቁጥር 14 ከዚያ በኋላ አልታየም።

የሚስማሩ ክርክር ግን ጣፋጭ ነበር። ቁጥር 16 አናጢ ነው። ፎቶውን አጉልቶ አይቶ እንጨቱ ዋንዛ ሊሆን ይችላል አለ፤ ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመሥራት አያስቸግርም፣ ምስጥም አይደፍረውም። ከዚያ ሚስማሩ ክብ ስለሆነ ጀልባዋ የቅርብ ጊዜ ሥራ ናት ብሎ ደመደመ። የጥንት ሚስማር አንጥረኛ የቀጠቀጠው ስለሆነ አራት ማዕዘን ነው ባይ ነው። ቁጥር 17 በትሕትና አረመው። ክብ የፋብሪካ ሚስማር ገና በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ዓለምን ሞልቶት ነበር። ስለዚህ ጣሊያንም ክቡን ነው ይዞ የሚመጣው፤ ሚስማር አይፈርድም። ይልቅ ቪቴውን (ተጠምዝዞ የሚገባውን ሚስማር) እዩ አለ። ራሱ ላይ መስቀል ያለው ቪቴ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ገበያ የወጣ ነው። አምስቱ የጣሊያን ወረራ ዓመታት 1928 ላይ ጀምረው 1933 ዓ.ም. ላይ (እ.ኤ.አ. በ1941) አለቁ። መስቀሉን ቪቴ እዚህች ጀልባ ላይ ያሰረው ሰው ከዚያ በኋላ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ሠሪው ይሁን ጠጋኙ ግን ቪቴው አይናገርም።

ቁጥር 18 ለሁለቱም የሚሆን ዳኝነት ሰጠ። ቪቴም ካቻቢቴም ቡሎንም ላሜራም የጣሊያን ቃል ነው፤ ስለዚህ ጀልባዋ ቢያንስ በስም ጣሊያን ናት። ክሩ ውስጥ ብዙ ላይክ ያገኘው እሱ ነው። እኔ የሦስት ቀን ምልልስ ችዬ ያገኘሁትን በአንድ ቀልድ አስከነዳው።

ከዚያ ቁጥር 19 መጣ። በእውነት የደበደበኝ እሱ ነው። ሌላው ሰው ሚስማር ሲቆጥር እሱ የጀልባዋን ወለል ሲያይ ቆይቷል። መሀሏ ላይ ሁለት ወፍራም አግዳሚ እንጨት አለ። አራት የቡሎን ቀዳዳ አለባቸው፣ ዙሪያቸውም በዘይት ጠቁሯል። ይሄ የሞተር መቀመጫ ነው። ሞተር ያላት ጀልባ የታንኳ (የደንገል ጀልባ) መቅዘፊያ ቀርከሃ ምን ይሠራላታል? ደግሞስ በዙሪያዋ ያለው ነገር ሁሉ አቧራና የወፍ ኩስ ለብሶ ዘንጉ ብቻ እንዴት ንጹሕ ሆነ? ጥያቄውን ለእኔ አላቀረበም። ለሁሉም ሰው ነው ያቀረበው፤ ያ ነው የሚያመው።

ቁጥር 20 አጭበርባሪ ብሎ ገባ። ቁጥር 21 የባሰ አለ፤ አድሚኑ ኋላ አጠፋው። እኔ ቁጥር 22 ላይ አመንኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ፎቶው ባዶ ባዶ ሲለኝ፣ እዚያው አካባቢ ታንኳውን የሚያደርቅ ሰውዬ አየሁ። ለግማሽ ሰዓት ዘንጉን አውሰኝ አልኩት። ቅር ሳይለው ሰጠኝ። ጀልባዋ ውስጥ አቆምኩት። በካሜራው መስኮት ሳየው ቆንጆ ሆነ። ይኸው ነው። ላስተባብል አልሞከርኩም፤ ቀዳዳዎቹ እዚያው ቁጭ ብለው ይመሰክራሉ።

ይቅርታዬን ብዙ ሰው ተቀበለ። ቁጥር 23 ግን ነገሩን ወደ ሌላ ቦታ ወሰደው። ለእኔ ከክሩ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ እንደሆነ ተናገረ። አባቱም አያቱም ታንኳ ሠሪዎች ናቸው። ደንገል (ውሃ ዳር የሚበቅል ሸምበቆ መሰል ተክል) ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ በእስር በእስር ተደርጎ ይጠፈራል። ውሃ ላይ ሲውል ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ከውሃ በወጣ ቁጥር ቀጥ አድርገው አቁመው ያደርቁታል። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው በወር ነው የሚቆጠር። ሲያልቅ ዳር ይጣላል፣ ይበሰብሳል፣ እዚያው ሣር ይሆናል። ያለቀ ታንኳ ፎቶ የሚያነሳ ሰው አይቶ አያውቅም። እንጨቱ ግን ቶሎ ስለማይበሰብስ ታሪክ ተባለ። የታንኳውን ዘንግ ደግሞ ለጌጥ ወስደህ እንጨቷ ላይ ሰካህ አለኝ። ምንም ስድብ የለበትም። ከቁጥር 21 ይልቅ ይሄ ነው ያሳፈረኝ።

ቁጥር 24 ይህን ይዞ ሩቅ ሄደ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ራ የተባለችውን የደንገል ጀልባ ሲያሠራ ደንገሉ የተጫነው ከጣና ነው። ጊዛ ፒራሚዶች ሥር ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ሠሯት። አትላንቲክን ልትጨርስ ትንሽ ሲቀራት ውሃ በላትና ትተዋት ወጡ። በሚቀጥለው ዓመት ራ 2 ከሞሮኮ ተነስታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ቁጥር 23 ይሄን ወሬ ያውቀው እንደሆነ ሲጠየቅ፣ የሚያውቀው ደንገሉ የሚታጨድበት ዳር ዛሬ በእርሻና በእንቦጭ እየተበላ መሆኑን እንደሆነ በአንድ መስመር መለሰ።

ቁጥር 25 ጀልባዋ ለምን ከውሃው ራቅ ብላ እንደተቀመጠች ግምት ሰጠ። አባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ ያለው የውሃ መቆጣጠሪያ ሥራ የጀመረው 1988 ዓ.ም. ነው። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ክፉኛ ወርዶ የጣና ጀልባዎች መንቀሳቀስ እስኪያቅታቸው ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ደረቅ ላይ የቀረች ትሆናለች አለ። ያስኬዳል። ግምት መሆኑን ግን ራሱም ተናግሯል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ተበተነ። አንዱ በድሮን እንዳነሳት መከረኝ፣ ሌላው ያለ ፈቃድ ድሮን ማስነሳት ምን እንደሚያስከትል አስታወሰው። እኔም ሁለተኛው ቀን ላይ የደረሰብኝን አወራሁ። ፍሬሜ ጥግ ላይ አዲሱ የአባይ ድልድይ ገብቶ ኖሮ፣ አንድ ጥበቃ መጥቶ ሁለት ፎቶ አስጠፋኝ። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀ፣ 380 ሜትር የሚረዝም ድልድይ፣ ከተማው ሁሉ ሰልፊ የሚነሳበት፣ እኔ ጋ ሲደርስ ምስጢር ሆነ። አንድ ሰው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ጠቅሶ አንድ ሚስማር እንኳ እንዳልነቅል አስጠነቀቀ። ልነቅል አላሰብኩም ነበር። ቁጥር 28 የዓሣ ጉላሽ የት እንደሚጥም ጠየቀና ሁሉም ሰው በአንዴ ባለሙያ ሆነ። ቁጥር 29 ከቀረሶና ከአምባዛ የቱ ይሻላል የሚል ጦርነት ከፈተ። እኔ ከቀረሶ ወገን ነኝ፤ እዚህ ላይ አልደራደርም።

ቁጥር 30ን ያነበብኩት ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ነው። አጎቱ ካሜራ ላንጠለጠለ ሰው ለግማሽ ሰዓት ብሎ ዘንግ አውሶ እንደነበር ጻፈ። ሰውየው ፎቶውን አንስቶ፣ ዘንጉን የወደቀችው ጀልባ ውስጥ ትቶ ሄደ። አጎቱ ሲፈልገው አንድ ጠዋት ከሥራ ቀረ፤ ሲያጣውም ሌላ ቀርከሃ ገዛ። እዚህ የተከሰሰው ዘንግ ያ ይሆን እንዴ ብሎ ጠየቀ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያ ነው። ብርሃኑ ሳያልፍብኝ ስል ዕቃዬን ጠቅልዬ ሄጃለሁ።

በማግስቱ ቁጥር 30ን ከጻፈው ልጅ ጋር ሄድን። ዘንጉ ከሣሩ ሥር ተጋድሞ አገኘነው። አጎቱን አካባቢው አያ እያለ ነው የሚጠራው፤ እኔም አያ አልኳቸው። የአዲሱን ቀርከሃ ዋጋ ስሰጣቸው አልተግደረደሩም። ቆጥረው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ስለ ጀልባዋ ጠየቅኳቸው። ማን እንደሠራት አያውቁም፤ እሳቸው ሊሠሩባት ሲቀጠሩም አሮጌ ነበረች። እንጨት አመላልሰውባታል፣ ኋላም አሸዋ። ሞተሩ ተነቅሎ ለሽንኩርት ማሳ ውሃ መሳቢያ ሆነ። ይሄን ሲነግሩኝ ስለ ጣሊያን አንድም ቃል አልወጣቸውም።

ስልኬን አውጥቼ ፎቶዎቹን አሳየኋቸው። እያንዳንዱን በጣታቸው እየነኩ፣ ዓይናቸውን እያጠበቡ አዩ። ስልኩን ገለበጡት። ከዚያ ላሜራዬስ የት ሄደ ብለው ጠየቁኝ። የምን ላሜራ? እጄን ይዘው በጭቃው ዞረው ወሰዱኝ። በውሃው በኩል፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ የዘይት ቆርቆሮ ተቀዶ፣ ተቀጥቅጦ፣ ስንጥቋ ላይ ተለጥፏል። ዙሪያውን በደቃቅ ሚስማር ተመትቷል፣ ሚስማሮቹም እንደ ስፌት ተጠጋግተዋል። ጠርዙ ሬንጅ ጠጥቷል። የቆርቆሮው ቀይ ጽሕፈት ተገልብጦ ዛሬም ይነበባል። በአንድ ሌሊት በፋኖስ የመቷት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል ውሃ አስገብታ አታውቅም። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ በሣሩ በኩል ብቻ ነበር የቆምኩት።

ይሄን ቁጥር 31 ላይ ጻፍኩት። ቁጥር 32 እና 33 የላሜራውን ፎቶ አምጣ አሉ። ቁጥር 34 መቼ እንደምሄድ ጠየቀ። ቅዳሜ ነው። ችግሩ ግን ላሜራው ያለው በምሥራቅ በኩል መሆኑ ነው። ጭቃው ውስጥ ገብቼ፣ ጀርባዬን ለወንዙ ሰጥቼ ነው የማነሳው። እዚያ ፀሐይ የምትመታው ጠዋት ነው። ቁጥር 3 በማያውቀው ምክንያት ልክ ነበር ማለት ነው። ቁጥር 10 ደግሞ ጉማሬው ንጋት ላይ ወደ ውሃው እንደሚመለስ ሊጽፍልኝ እየተዘጋጀ እንደሆነ አውቃለሁ። ከልጁ ጋር ነው የምሄደው፣ 1 ሰዓት ሳይሞላም አንጠጋም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ቁጥሩ 42 የሆነ ረጅም ቦቲ ጫማ ያለው ያውሰኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ድረስ እመልሳለሁ።